ደባሉ አይመልስም

ሐምሌ 10

አሮጌው ኮምፒውተር ዛሬ አረፈ። ሌሊት ጣሪያው ሲያፈስ አናቱ ላይ ሲንጠባጠብበት አድሮ፣ ጠዋት ቁልፉን ብጫነው ብጫነው አልነሳ አለ። አንጋፋው ተናጋሪያችን አያ በላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር። ስንት ዓመት አብሮኝ አወራ» አሉ። በጎንደሩ ሬዲዮ ጣቢያችን ውስጥ ከእሳቸው ድምፅ የሚበልጥ ዕድሜ የነበረው እሱ ብቻ ነበር።

ደግነቱ ነፍሱ፣ ማለቴ ዲስኩ፣ ደህና ነው። የሬዲዮ ማሰራጫው ፕሮግራም ያረጀ ስለሆነ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ አልሠራም ይላል። ስለዚህ አሮጌውን እንዳለ በአዲሱ ሆድ ውስጥ አስገባሁት። ቨርቹዋል ማሽን ይባላል፤ በኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ነው። ለአያ በላቸው ሳስረዳቸው «ደባል ነው በይኛ» አሉ። ከዚያ በኋላ ትልቁ አከራይ፣ ውስጠኛው ደባል ተባሉ።

ደባሉ ነቅቶ ዘፈን ማሰማት ሲጀምር ቢሮው በሙሉ አጨበጨበልኝ። የቀረው ትንሽ ነገር ነው። ከወረዳ የሚላክልን ድምፅ የሚገባው በአከራዩ በኩል ስለሆነ፣ አከራዩ ለደባሉ ማቀበል አለበት። ነገ አገናኛቸዋለሁ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ሐሙስ እንደመሆኑ ከመካነ ብርሃን የእንስሳት ሐኪሙ የአስናቀው ሪፖርት መጥቷል። ሐሙስ ሐሙስ ድምፅ የምቀበል እኔ ነኝ፤ በሌላው ቀን አያ በላቸው ናቸው። የዛሬው ስለ ጥጃ ተቅማጥ ነበር። ሸጋ ሪፖርት ነው።

ሐምሌ 11

የአንድ ሰዓት ሥራ አይደለም።

አከራዩን «ደባሉ አለ ወይ?» ብዬ አስጠየቅሁት። ፒንግ ይሉታል፤ በር አንኳኩቶ አቤት እስኪሉ መጠበቅ ማለት ነው። አንኳኳ። ዝም። ደባሉን ደግሞ ወደ ውጭ ላክሁት፤ እሱ ኢንተርኔት ድረስ ሄዶ በሰላም ይመለሳል! ዓለሙን ይዞራል፣ ጎረቤቱ ሲጠራው ግን አይሰማም።

እማዬ ስሜን የትነበርሽ ያለችው ከብዙ ስለት በኋላ ስለመጣሁላት ነው። ዛሬ እኔ ደግሞ አንዱን ግዑዝ ዕቃ «የት ነበርክ» ስል ዋልሁ።

ሐምሌ 15

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሀብተሥላሴ ጠሩኝ። ሲቆጡ አይጮሁም፤ የእስክሪብቶአቸውን ክዳን ይነቅላሉ፣ ይከድናሉ። ዛሬ ብዙ ነቀሉ፣ ብዙ ከደኑ።

«የደጋው ሰዓት» በየቀኑ እየዘገየ ነው አሉ። ለጃናሞራ፣ ለዳባት፣ ለድብ ባሕር ገበሬ ስለ ከብትና ስለ አዝመራ የምናወራበት ዝግጅት ነው። «እስከ ዕንቍጣጣሽ ካልተስተካከለ በቦታው ሙዚቃ እናስገባበታለን። እንዲያውም ሰሚ ያለው አይመስለኝም።»

በር ላይ የቆሙት አያ በላቸው ሰምተዋል። ስወጣ ወደ ስቱዲዮው እየገቡ ለራሳቸው «ሰሚ የለውም» ሲሉ ሰማኋቸው፤ አዲስ ቃል እንደሚለማመድ ሰው።

የወረዳውን ድምፅ ለጊዜው በፍላሽ እየገለበጥሁ አሻግራለሁ። ደባሉ ፍላሹን ሲፈልግ ያየዋል፣ ሲፈልግ ያላየ ይመስላል።

ሐምሌ 17

ሪፖርት፦ የበግ ፈንጣጣ። ሦስት ጊዜ አዳመጥሁት። ለጥራት ቁጥጥር ነው።

«ቁስሉ ፀጉር በሌለበት ቦታ ይጀምራል፤ ከንፈር፣ ጆሮ፣ ብብት» ይላል። አይቸኩልም። ከበስተኋላው ነፋስ አለ፤ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው የሚልከው። መልኩን አላውቅም። ቴሌግራሙ ላይ ያደረገው ፎቶ የበቅሎ ነው።

ስለ አስናቀው ብዙ የሚጻፍ ነገር የለም።

ሐምሌ 22

የዛሬው ሳይጻፍ ቢቀር ደስ ባለኝ።

ደባሉን ከአከራዩ ሆድ አውጥቼ በቀጥታ ከቢሮው ኔትወርክ ጋር ላገናኘው አሰብሁ። ሐሳቡ ሸጋ ነበር። በችኮላ የሰጠሁት አድራሻ ግን ኢንተርኔቱን ለቢሮው የሚያድለው የራውተሩ የራሱ አድራሻ ሆኖ ተገኘ። አንድ ስም ሲጠራ ሁለት ሰው አቤት እንደሚል ሆነና የቢሮው ኢንተርኔት በሙሉ ተደነባበረ።

የሒሳብ ሹማችን ወይዘሮ አባይነሽ በዚያች ደቂቃ የእህቷን ልጅ ክርስትና በቪዲዮ ታይ ነበር። ቄሱ ሕፃኑን ውኃ ውስጥ እንደነከሩት ምስሉ ቆመ። ወይዘሮ አባይነሽ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ምነው የትነበርሽ! ልጁን አውጭው!»

ሁሉን ወደ ነበረበት መለስሁ። ሕፃኑም ወጣ፤ እያለቀሰ። እሷ ግን አልበረደላትም። «ይሄ ራውተር አርጅቷል፤ እንዲያውም እኔ ራሴ አዲስ አመጣለሁ» እያለች ሄደች። ያረጀው ራውተሩ አይደለም ልላት ብዬ ተውሁት። ጥፋቱን ራውተሩ ቢወስድልኝ ምን አለበት?

ነሐሴ 1

ጾም ገባ። አስቸኳይ መልእክት ከመካነ ብርሃን፦ የቅዳሜው የበግ ክትባት ወደ ማክሰኞ ተዛውሯል፤ መድኃኒቱ መንገድ ላይ ዘግይቷል።

ፍላሹን ሰካሁ፤ ደባሉ አላየውም። ነቅዬ ሰካሁ፤ አላየውም። ነገ አሻግረዋለሁ። ደክሞኛል።

ነሐሴ 2

መብራት የለም። ጄኔሬተሩም ነዳጅ የለውም።

ነሐሴ 4

ገበሬዎቹ ትናንት ለክትባቱ መጥተዋል። በዝናብ፣ በጎቻቸውን እየነዱ። ክትባት የለም ተብለው በዚያው ዝናብ ተመለሱ።

አስናቀው የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «አትጨነቂ፤ በጎቹ ገበያ የወጡ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ተመለሱ» ይላል። ይስቃል። እኔም ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ግን አያ በላቸው ከአገራቸው ሰው የሰሙትን ነገሩኝ። ሁለት በግ ብቻ ያላት አንዲት ባልቴት ከሩቅ ቀበሌ መጥታ ነበር። ሲመለሱ ወንዝ ሞልቶ ጠበቃቸው፤ አንዱን በግ ውኃው ወሰደባት። አስናቀው ይሄን አልነገረኝም።

አያ በላቸው ሐሙስ ማታ ስቱዲዮ ውስጥ ነበሩ። ከእኔ ወንበር ጥቂት እርምጃ ነው። «አያ፣ ክትባቱ ማክሰኞ ሆኗል፤ በአፍዎ ይንገሩልኝ» ብል ኖሮ ያበቃ ነበር። እኔ ግን ድምፁ በፋይል እንዲደርስ ስታገል፣ በአፍ መናገር የሚባል ነገር እንዳለ ረስቻለሁ።

«ደክሞኛል» ብዬ ነው የጻፍሁት። ምን ሠርቼ?

ነሐሴ 9

ሸጋ! ሸጋ! ሸጋ!

ደባሉ እስከ ዛሬ የነበረው በር ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት ነው። እሱ ይወጣል፣ ሄዶ ይመጣል፤ ከውጭ የሚያንኳኳ ግን መግቢያ የለውም። ለካ ዓለምን ሲዞር ጎረቤቱን የማይሰማው በዚህ ነበር። ስለዚህ ለሁለቱ ብቻ የሚሆን ሌላ መንገድ ከፈትሁላቸው፤ የራሱ የአድራሻ ቁጥር ያለው። ደባሉ አከራዩን ጠራ፤ መለሰለት። አከራዩ ደባሉን ጠራ፤ ዝም። ሁለት ሰዓት ጸጉሬን ነጨሁ። ደባሉ ፋየርዎል አለው፤ የማያውቀው ሰው ሲያንኳኳ ቤት የለሁም የሚል ዘበኛ ነው። ለዘበኛው «ይሄኛውን አስገባ» ብዬ ፈቃድ ጻፍሁለት።

መለሰ!

አቶ ሀብተሥላሴ ወጥተዋል። ሰኞ አሳያቸዋለሁ።

ነሐሴ 12

አቶ ሀብተሥላሴን ጋበዝሁ። አያ በላቸውም፣ ወይዘሮ አባይነሽም መጡ። ወንበር ሁሉ አቅርቤ ነበር። እጅጌዬን ሰብስቤ አንኳኳሁ።

ዝም።

እንደገና። ዝም። ዓርብ የመለሰ ሰኞ አይመልስም! ማንም ምንም አልነካም፤ እኔም አልነካሁም። አቶ ሀብተሥላሴ የእስክሪብቶአቸውን ክዳን ነቀሉ፣ ከደኑ፣ ወጡ። ወይዘሮ አባይነሽ ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ «ጾም ነው፤ ራስሽን አትጉጂ» አለችኝ።

ማታ እማዬ «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አለች። ደባሉ አልመልስ አለኝ ስላት የሰው ደባል መስሏት «ኪራይ አልከፍል ብሎ ይሆናላ» አለች።

ነሐሴ 14

ትናንት ቡሄ ነበር። በጾሙ ላይ ከዳቦ በቀር የጎደለኝ የለም ብዬ ሦስት ሙልሙል በላሁ።

ዛሬ ሌላ ዘዴ አሰብሁ። አንድ የሙከራ ድምፅ ቀድቼ፣ አከራዩ ለደባሉ እንዲልክ፣ ካልሄደለትም በየሰዓቱ ሳይታክት እየደጋገመ እንዲሞክር አዘዝሁት። መንገዱ የተከፈተ ዕለት ፋይሉ ደርሶ አየዋለሁ ማለት ነው። ሙከራው ላይ ምን እንዳልሁ እዚህ አልጽፍም። ብቻዬን ነበርሁ፤ አፌ ላይ የመጣውን ነው ያወራሁት። የሚሰማው ሰው የለም።

ነሐሴ 15

ሪፖርት። ስለ መኖ አያያዝ። ስለ ባልቴቷ ጠየቅሁት። «መድኃኒቱ ለማክሰኞውም አልደረሰ፤ የቀረቻትን ለማስከተብ ሌላ ቀን እየጠበቀች ነው» አለኝ። ከዚያ «አንቺስ ደህና ነሽ?» አለ።

ልመልስለት ስል ኔትወርኩ ሄደ።

ነሐሴ 21

ዛሬ ሞቻለሁ። አሟሟቴን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት ወይዘሮ አባይነሽ በስልክ ስታወራ በግድግዳው በኩል ሰማሁ። «አዲሱን ራውተር ካስገባሁ ወዲህ እኮ ቪዲዮ ተቆርጦብኝ አያውቅም።»

ሮጬ ገባሁ። «እትዬ፣ የምን አዲስ ራውተር?»

«ያኔ ያልሁሽን ነዋ። ያን ሰኞ ሰው ሰብስበሽ ልታሳዪ የነበረ ጊዜ፣ ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ አስገባሁት። ስሙንም የይለፍ ቃሉንም እንዳሮጌው አድርጌዋለሁ፤ ማንም እንዳይቸገር ብዬ።»

ማንም እንዳይቸገር!

ከፍቼ አየሁት። አዲሱ ራውተር ለቢሮው የሚያድለው አድራሻ፣ እኔ ለአከራዩና ለደባሉ ብቻ ብዬ ከሰጠሁት ጋር አንድ ነው። በአንድ ከተማ ሁለት ሰፈር በአንድ ስም ቢጠራ ምን ይሆናል? አከራዩ ለደባሉ የላከውን ሁሉ ወደ ራውተሩ ሰፈር ይወስደዋል፤ እዚያ እንዲህ የሚባል ሰው የለም፤ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ደባሉ ምስኪን ቤቱ ቁጭ ብሎ አንድም የሚያንኳኳ አልሰማም። እኔ ስሰድበው ከርሜአለሁ።

የራውተሩን ቁጥር ቀየርሁ። አንኳኳሁ። መለሰ። ደገምሁ። መለሰ። ወይዘሮ አባይነሽን አቅፌ ሳምኋት፤ ለምን እንደተሳመች አልገባትም።

ከደስታው የተነሣ ራበኝና ባጃጅ ይዤ ወደ ፒያሳ ምሳ ልበላ ወረድሁ። ሹፌሩ የእኛን ጣቢያ ከፍቷል። አያ በላቸው ስለ ጤፍ አረም እያወሩ ነው። ድንገት ድምፃቸው ቀጥ አለና የማውቃት ሴት ድምፅ መጣ።

«ሙከራ፣ ሙከራ። ይሄን ማንም አይሰማውም። ደባሌ፣ ከሰማኸኝ አቤት በል። ምን ልበል እንግዲህ... አስናቀው ግን ምነው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው የሚልከው? መካነ ብርሃን በግ የሚታመመው ሐሙስ ብቻ ነው? ሰው ስለ በግ ቁስል ሲያወራ ድምፁ እንዴት እንዲህ ይጥማል? ያንን የበቅሎ ፎቶስ አንስቶ የራሱን ቢያደርግ ምን ይጎዳዋል? ሙከራ። አበቃሁ።»

ሹፌሩ ድምፁን ጨመረ። «ይቺ ልጅስ አልቆላታል» አለ።

ረስቼው ነበር። አከራዩ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳይታክት ሲሞክር ነበር፤ መንገዱ ሲከፈት አደረሰው። ያደረሰው ደግሞ «አስቸኳይ» የሚባለው ማኅደር ውስጥ ነው፤ ደባሉ በቀጥታ የሚቀበለው እዚያ ብቻ ስለሆነ። እዚያ የገባ ሁሉ ወዲያው ይተላለፋል። ሦስት ጊዜ።

«መልሰኝ!» አልሁት ሹፌሩን። ሁለተኛውን የሰማሁት መንገድ ተዘግቶ ስንቆም፣ ከልብስ ሰፊ ሱቅ ነው፤ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ ነበር የሚያዳምጥ። ሦስተኛውን ከጥበቃችን ስልክ፣ በር ላይ። ጥበቃው አየኝና በክብር ተነሥቶ ቆመ።

አያ በላቸው ማይክሮፎኑ ፊት እንደተቀመጡ ናቸው። «አድማጮቻችን፣ የሰማችሁት አስቸኳይ መልእክት ነበር» አሉ፤ ወረቀታቸውን ገለጡና «ወደ አረሙ እንመለስ» አሉ።

እቤት ስገባ እማዬ ሬዲዮኑን ዘግታ ሽንብራ ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ወደ ሽንብራዋ ተመለሰች። ሰፈራችን ፀዳ ውስጥ ያልሰማ የቀረ ያለ አይመስለኝም።

ነሐሴ 22

ሐሙስ ነው። ሪፖርት አልመጣም።

ስልኩ ግን ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከድብ ባሕር። «ሐኪሙ መለሰላት?» ነው የሚሉት። አንዲት ሴትዮ ከወገራ ደውላ «ድምፁ እውነት ይጥማል፤ ልጅቱ አልዋሸችም» አለች። አቶ ሀብተሥላሴ ሊያባርሩኝ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ መጥተው ስልኩን ራሳቸው ሲያነሱ ዋሉ። አመሻሹ ላይ ለአያ በላቸው «ሰሚ አለን ለካ» አሏቸው። አያም «እኔስ ለማን ሳወራ የኖርሁ መስሎህ ነበር?» አሉ።

እማዬ እራት ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «የበግ ሐኪሙ የማን ልጅ ነው?»

አላውቅም አልኋት። እውነቴን ነው።

ነሐሴ 25

ከመካነ ብርሃን ምንም የለም። ኔትወርክ ይሆናል። ወይም ሥራ በዝቶበት። ወይም ባለትዳር ነው፤ የበቅሎው ፎቶ ለዚያ ይሆናል። ይሄን ለምን እንደጻፍሁ አላውቅም፤ የሥራ ማስታወሻ ነው።

ገበያ ስሄድ ሽንኩርት ሻጯ «ሐሙሷ መጣች» አለች።

ነሐሴ 29

መጣ።

«የበግ ክትባት ጳጉሜ አንድ ይጀምራል» ይላል። ቀኑን ሁለት ጊዜ ይደግማል፤ ቀበሌዎቹን አንድ በአንድ ይጠራል። ሥራውን ጨርሶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በመጨረሻ ከጎንደር ለቀረበልኝ ጥያቄ መልስ እሰጣለሁ። በግ በማናቸውም ቀን ይታመማል። ሪፖርቱን ማክሰኞም መላክ እችል ነበር። ማክሰኞ የሚቀበሉኝ ግን አያ በላቸው ናቸው። አያ በላቸውን በጣም አከብራቸዋለሁ።» ነፋስ። «አመሰግናለሁ።»

ይሄን እንዴት አስተላልፋለሁ? መጨረሻውን ቆረጥሁት። መልሼ ቀጠልሁት። ቆረጥሁት። አያ በላቸው ከኋላዬ መጥተው ነበር።

«አንዲት ቃል ብትጎድል ራሴ በአፌ እነግራቸዋለሁ» አሉ። «አከብራቸዋለሁ ያለውን ደግሞ አጥብቄ።»

ሳይቆረጥ ላክሁት። ደባሉ ወዲያው ተቀበለ።

ጳጉሜ 3

ከአያ በላቸው የአገር ሰው፦ ለክትባቱ የመጣው ሰው ጉብታውን ሞልቶት ነበር። ግማሹ በግ ሊያስከትብ፣ ግማሹ ሐኪሙን ሊያይ። ባልቴቷ የቀረቻትን አስከትባለች። አስናቀውን አገላብጣ አይታ «ከድምፅህ ትቀጥናለህ» አለችው አሉ።

«የደጋው ሰዓት» አይነሣም። አቶ ሀብተሥላሴ እንዲያውም ሰዓቱ ይረዝማል ብለዋል።

የእሱ መልእክት፦ «እሑድ ዳባት ወርጄ መድኃኒት እረከባለሁ። አንቺስ ዳባት ሥራ የለሽም?»

ዳባት ምንም ሥራ የለኝም። እሄዳለሁ አልሁት።

መስከረም 4

ከዳባት አሁን ተመለስሁ። የአምባ ጊዮርጊስ ሜዳ በሙሉ ቢጫ ነው።

መናኸሪያው ጎን ሻይ ቤት ጠበቀኝ። ቀጭን ነው፣ ጆሮው ትልቅ ነው። ተነሥቶ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ጋር በነፋስ ሲጮህ ሰንብቶ ጉሮሮው ተዘግቷል። እንዲያው ትንፋሽ ብቻ። ስንት ጊዜ ያዳመጥሁት ድምፅ፣ ፊቴ ተቀምጦ የለም! በጣቱ ጉሮሮውን አሳየኝ፣ ትከሻውን ሰበቀ፣ ሣቀ። ሣቁም ድምፅ የለውም።

ስለዚህ እኔ አወራሁ። ስለ አከራዩና ስለ ደባሉ፣ ስለ ሁለቱ ሰፈር፣ ውኃ ውስጥ ስለቀረው ሕፃን። ስለ ባልቴቷም በግ ነገርሁት፤ ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጄን ያዘ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሌላ አመጡልን፤ እሱም ቀዘቀዘ። ሲሸኘኝ መኪናው እስኪዞር ቆሞ ነበር።

እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«እሺ፣ ምን አለሽ?»

«ምንም አላለኝም።»

«አንዲት ቃል?»

«አንዲትም።»

አስተውላ አየችኝ።

«ታዲያ ምነው ጥርስሽ አልከደን አለ?»